ገረድህም እንደ አንተ

ዐሥርቱ ትእዛዛት ውስጥ አንዲት የቤት ሠራተኛ አለች። ብዙዎቻችን አላየናትም። ልጅ ሆነን ትእዛዛቱን በቃላችን ስንወጣ «የሰንበትን ቀን ትቀድሰው ዘንድ አስብ» እንልና ቀጥታ ወደ «አባትህንና እናትህን አክብር» እንዘላለን። መሐል ያለውን እንተወዋለን። የምንተወው ግን ትንሽ አይደለም። ከዐሥሩ ረጅሙ ትእዛዝ የሰንበቱ ነው። ያስረዘመውም የስም ዝርዝር ነው። በዚያ ቀን ሥራ የማይሠሩት አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፦ አንተ፣ ወንድ ልጅህ፣ ሴት ልጅህ፣ ሎሌህ፣ ገረድህ፣ ከብትህ፣ በደጅህ ያለው እንግዳ።

በነገራችን ላይ ሚስት ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። «አንተ» ሲል እሷንም ይጨምራል ይላሉ ተርጓሚዎች። ይሁን። በበዓል ዋዜማ ወጥ ቤት ገብቶ ላየ ሰው ግን በስሟ ብትጠራ ይሻል ነበር ያሰኛል።

«ገረድ» ዛሬ ጆሮ የሚቆረቁር ቃል ነው። ስድብ ሆኗል። «ሠራተኛ» እንላለን፣ «ልጅቷ» እንላለን። እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን መጽሐፉ ባለበት ቦታ እንዳለ ትቼዋለሁ። ሲቆረቁረን ነው ስለ ማን እንደሚናገር የሚገባን።

ስለ በዓል ስንከራከር የምንከራከረው ሁልጊዜ ስለ ቀኑ ነው። ቅዳሜ ነው እሑድ? የእኛ ፋሲካ ነው የፈረንጆቹ ትክክል? ጨረቃ ነው ፀሐይ የሚቆጠረው? ለዚህ ክርክር ሰው ተሰዷል፣ ደምም ፈሷል። ያ ቀን ሲደርስ ማን ያርፋል የሚለው ጥያቄ ግን ያን ያህል ሲያጣላን አይታይም። መጽሐፉ ላይ ያለው ሚዛን ተቃራኒው ይመስለኛል።

ከቃሉ እንጀምር። በዘሌዋውያን 23 የበዓላቱ ዝርዝር አለ። ሰንበት ይቀድማል። ከዚያ በመጀመሪያው ወር በ14ኛው ቀን ሲመሽ ፋሲካ፣ ቀጥሎ ሰባት ቀን የቂጣ በዓል፣ ሃምሳ ቀን ተቆጥሮ የመከር በዓል፣ በሰባተኛው ወር ደግሞ መለከት የሚነፋበት ቀን፣ የማስተስረያ ቀንና የዳስ በዓል። አማርኛው እነዚህን «በዓላት» ይላቸዋል። ዕብራይስጡ የሚጠቀምበት ቃል «ሞዔድ» ነው። የቃሉ ትርጉም ወደ ቀጠሮ ይጠጋል፤ የተወሰነ ሰዓት፣ የተወሰነ መገናኛ። ሙሴ የሚገባባት «የመገናኛው ድንኳን» ስሟ ከዚሁ ቃል ነው። በዘፍጥረት 1 ፀሐይና ጨረቃ «ለዘመኖች» ተፈጠሩ ሲባልም ይኸው ቃል ነው ያለው። እንግዲህ በዚያ አገላለጽ ፀሐይና ጨረቃ ቀጠሮ ማስያዣዎች ናቸው። በዓል ማለትም እግዚአብሔር ራሱ የያዘው ቀጠሮ ነው። እኛ በቀጠሮ የታወቅን ሕዝብ ነን፤ «የአበሻ ቀጠሮ» የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። እሱ ግን ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል።

ቀጠሮ ካልን የተጠራው ማን እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው። ከፍጥረት ታሪክ ጀምሮ ብንሄድ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ መጀመሪያ «ተቀደሰ» የተባለው ቦታ አይደለም። ተራራ አይደለም፣ ቤተ መቅደስ አይደለም። ቀን ነው፤ ሰባተኛው ቀን። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቦታ ይታጠራል፣ ይወረሳል፣ በር ላይ ዘበኛ ይቆምበታል። ቅዳሜ ግን ለባለ ፎቁም ለዘበኛውም እኩል ሰዓት ላይ ይመሻል። ቀንን አጥሮ ለራሱ የሚያስቀር ሰው የለም። በጉልበቱ የሌላውን ቀን ካልወሰደበት በስተቀር።

እዚህ ላይ ሁለተኛው የዐሥርቱ ትእዛዛት ቅጂ ይመጣል። ዘዳግም 5። ዘጸአት የሰንበትን ምክንያት ከፍጥረት ያመጣዋል፤ እግዚአብሔር በስድስት ቀን ሠርቶ በሰባተኛው ዐረፈ። ዘዳግም ሌላ ምክንያት ይሰጣል። አንተም ግብፅ ውስጥ ባሪያ ነበርህ፤ ያንን አስብ ይላል። እናም ሎሌህና ገረድህ «እንደ አንተ» ያርፉ ዘንድ። ይህች «እንደ አንተ» የምትል ቃል ዘጸአት ላይ የለችም። ከአንተ በኋላ አላለም። ሥራቸውን ሲጨርሱ አላለም። እንደ አንተ።

ዘጸአት 23 ላይ ደግሞ ይበልጥ የምወደው ቃል አለ። በሬህና አህያህ እንዲያርፉ፣ የገረድህ ልጅና መጻተኛው... ዕብራይስጡ የሚለው ግስ «ነፍስ» ከሚለው ስም የወጣ ነው። የእኛ «ተነፈሰ» ከዚያው ሥር ነው። የገረዲቱ ልጅ እንዲተነፍስ። ትንሽ ወረድ ብሎ ምዕራፍ 31 ላይ እግዚአብሔር በሰባተኛው ቀን ዐረፈ ሲል ይህንኑ ግስ ይደግመዋል። ለፈጣሪ የተባለው ቃልና ለሠራተኛዋ ልጅ የተባለው ቃል አንድ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። ሥራ በዝቶበት የዋለ ሰው አመሻሽ ላይ ቁጭ ብሎ «እፎይ፣ ተነፈስኩ» ሲል የምንሰማው ነው።

ቋንቋችን ሰንበትን ከተሸከመ ቆይቷል። የቀኖቻችንን ስም ብቻ እንይ። ዓርብ «ዐረበ» ከሚለው ግስ ነው፤ ፀሐይ ገባች ማለት ነው፣ ምዕራብም ከዚያው ነው። የሰንበት ዋዜማ ነበርና። ቅዳሜ «ቀዳሚት ሰንበት» ከሚለው አጥሮ የቀረ ነው። እሑድ አንደኛው፣ ሰኞ ሁለተኛው፣ ማክሰኞ የሰኞ ማግስት። ከቀናት በኋላ ተገናኝተን «እንዴት ሰነበትክ» ስንባባልም ሰንበት አፋችን ላይ አለች። ሳምንቱ በሙሉ በሷ ዙሪያ ነው የሚዞረው።

የትኛው ቀን በሚለው ላይ ግን ተጣላን። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በ14ኛው መቶ ዘመን ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ብለው አስተማሩ። ግብፃውያኑ ጳጳሳት ደግሞ ቅዳሜን ማክበር የአይሁድ ሥርዓት ነው ይሉ ነበር። ኤዎስጣቴዎስ ተሰደዱ፤ እስከ አርመን ሄደው በ1352 እ.ኤ.አ. እዚያው ዐረፉ። ተከታዮቻቸው ለረጅም ዘመን ተገፉ። በ1404 ዐፄ ዳዊት ቅዳሜን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። በ1450 ደግሞ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጠርተው ሁለቱም ሰንበቶች እንዲከበሩ ተወሰነ። ሠላሳ ሦስቱን የእመቤታችንን በዓላት እንዲከበሩ ያዘዙትም እኚሁ ንጉሥ ናቸው። ቀን ይወዱ ነበር ማለት ይቻላል። ከመቶ ሰባ ዓመት በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ቅዳሜ እንዳይከበር ሲከለክሉ አገር ታመሰ። በ1632 ነገሩ ሁሉ ወደ ነበረበት ተመለሰ።

በዚህ ታሪክ መሐል አንድ ቦታ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። በ1555 ዐፄ ገላውዴዎስ ለካቶሊኮቹ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን መልስ የሚሆን የሃይማኖት መግለጫ ጻፉ። ስለ ቅዳሜ ሲያስረዱ፣ እኛ የምናከብረው እንደ አይሁድ አይደለም አሉ። እነሱ በዚያ ቀን ውኃ አይቀዱም፣ እሳት አያነዱም፣ ወጥ አይሠሩም፣ ዳቦ አይጋግሩም፣ ከቤት ወደ ቤት አይሄዱም። እኛ ግን ቁርባን እያቀረብን፣ የፍቅር ማዕድ እየሠራን እናከብረዋለን።

እንደ ነገረ መለኮት መልሱ ቆንጆ ነው። ሰንበት ክልከላ ብቻ ሳትሆን ማዕድም ናት ማለት ነው። እስከ ዛሬ በየደብሩ ያለው ሰንበቴ ከዚሁ መንፈስ ይመስለኛል፤ ተራ የደረሰው ዳቦና ጠላውን ይዞ ይመጣል፣ ከቅዳሴ በኋላ አብሮ ይበላል፣ ነዳያንም ይቋደሳሉ። ግን ዝርዝሩን መልሰን እናንብበው። ውኃ መቅዳት። እሳት ማንደድ። ወጥ መሥራት። መጋገር። በ1555 እነዚህን ሥራዎች የሚሠራው ማን ነበር? ንጉሡ አልነበሩም፣ ካህኑም አልነበረም። ገበሬው ሞፈሩን ሰቅሎ ሲያርፍ፣ ነጋዴው አህያውን ሲያራግፍ፣ እንስራዋ ግን ከሴቲቱ ጀርባ አልወረደችም። የተፈቀደው ሥራ በሙሉ የሷ ሥራ ነው።

ቤተ እስራኤል በሌላው መንገድ ሄዱ። በጎንደርና በአካባቢው መንደሮች ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ ዳቦው ተጋግሮ፣ ውኃው ተቀድቶ፣ እሳቱ ጠፍቶ ያልቅ ነበር። ቅዳሜ የቀዘቀዘ ምግብ ይበላ ነበር። ዓርብን በሩጫ የምታልፈው ያችው ሴት ነበረች፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ፀሐይ ስትገባ የሷም ሥራ ይቆም ነበር። «ትእዛዘ ሰንበት» የሚባለው የግእዝ መጽሐፋቸው ሰንበትን ራሷን በሴት አካል ይሥላታል። በሰማይ ከፈጣሪዋ ፊት ቆማ ስለ ሰው ትማልዳለች። ኩፋሌም፣ ሙሉው መጽሐፍ በግእዝ ብቻ የተረፈልን፣ መላእክት ከእግዚአብሔር ጋር በሰማይ ሰንበትን ያከብራሉ ይላል። በምድር ሰንበት ሲሆን በሰማይም ነው።

ይኸው ኩፋሌ የቀን ክርክር ውስጥም አለበት። ዓመቱ 364 ቀን ነው ይላል፤ ልክ 52 ሳምንት። በዚህ አቆጣጠር አንድ በዓል ምንጊዜም በአንድ የሳምንት ቀን ይውላል። ጨረቃን የሚከተል ቀኑን ያፋልሳል ብሎም ይቆጣል። የእኛ ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያን የበዓላት ማውጫ ሒሳብ፣ ግን ጨረቃንም ፀሐይንም ይዞ ነው የሚሄደው። ለወጉ ያህል የ2018ን ፋሲካ እናውጣው። 5500 ሲደመር 2018፣ 7518 ዓመተ ዓለም። በ19 ሲካፈል 13 ይቀራል። አንድ ቀንሰን 12፣ ወንበር ይባላል። 12 በ19 ሲባዛ 228፤ በ30 ስንገድፈው 18 መጥቅዕ። መስከረም 18 የዋለው እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ተጨማሪው ቁጥር፣ 7። 18 እና 7፣ 25። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ይገባል፣ ከሱ 69 ቀን ቆጥረን ፋሲካ ሚያዝያ 4። የፈረንጆቹ የዚያው ዓመት ፋሲካ አንድ ሳምንት ይቀድማል፤ በ2017 ግን ሚያዝያ 12 ላይ ገጥሞ ነበር። የኒቅያ ጉባኤ 1700 ዓመት የሞላበት ዓመትም ነበርና ብዙ ሰው ተገርሟል። እኔ ሒሳቡን እወደዋለሁ። ወረቀት ይዤ ስቆጥር ሰዓቱ አይታወቀኝም። ግን ይህን ሁሉ ቆጥረን ቀኗን በትክክል ካገኘናት በኋላ ምን እናደርጋታለን?

ነቢያቱ ይህን ቀድመው ጠይቀዋል። አሞጽ 8 ላይ ነጋዴዎች አሉ፤ ስንዴ እንድንሸጥ ሰንበት መቼ ነው የሚያልፈው ይላሉ። ቀኑን አልሻሩም፣ አክብረዋል። ልባቸው ግን ሚዛኑ ጋ ነው፤ መስፈሪያውን ማሳነስ ያስባሉ። ኢሳይያስ 58 ይብሳል። በጾማችሁ ቀን ፈቃዳችሁን ታደርጋላችሁ፣ ሠራተኞቻችሁንም ታስጨንቃላችሁ ይላል። ጾሙ ትክክለኛው ቀን ላይ ነበር። የጎደለው ያ አልነበረም።

ኢዮቤልዩም የዚሁ ዘር ነው። ሰባተኛው ቀን ሰው ያርፋል። ሰባተኛው ዓመት መሬት ታርፋለች። ሰባት ጊዜ ሰባት አልፎ በሃምሳኛው ዓመት የተሸጠ ርስት ይመለሳል፣ ለዕዳ የተሸጠ ሰው ነጻ ይወጣል። ዛሬ ድርጅቱ 25 ዓመት ሲሞላው «የብር ኢዮቤልዩ» ብለን ቲሸርት እናሳትማለን። ዕዳ የተሰረዘለት ሰው ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ከተማ ውስጥ ዓመት በዓል ማለት ለብዙዋ የቤት ሠራተኛ የዓመቱ ከባድ ቀን ነው። ሽንኩርቱ ይላጣል፣ ይከተፋል፣ ይቁላላል። ዶሮው አሥራ ሁለት ብልት ይወጣለታል፣ በሎሚና በጨው ይታጠባል። ድፎ ዳቦ፣ ቄጤማ፣ ቡና፣ እንግዳ፣ ሰሐን፣ እንደገና እንግዳ። ሌላው ሠራተኛ በዓል ስለሆነ ቤቱ ነው። እሷ በዓል ስለሆነ ሥራ ላይ ናት።

ሕጉም ብዙ አያግዛትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በሳምንት የማይቋረጥ 24 ሰዓት ዕረፍት እንዲያገኝ ያዛል። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ውልን ግን ከአዋጁ ውጪ ያደርገዋል። ያ ማለት እሷ ናት። በዓለም አቀፍ ደረጃ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 ለእነሱም ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ይላል። ኩዌት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን እንዲኖራት ደንግጋለች። ሕጉና ቤቱ አንድ ናቸው ማለት አይደለም። ቢሆንም ተጽፏል።

ኩዌትን ያነሳሁት በምክንያት ነው። በአብዛኞቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ክርስቲያኖች ዋናውን አምልኮ ዓርብ ማድረግ ልማዳቸው ነው፤ ሥራ የሚዘጋው ዓርብ ስለሆነ። እህቶቻችንም የሚፈቀድላቸው ከሆነ የሚወጡት ያን ቀን ነው። ለቅዳሜና እሑድ ሦስት መቶ ዓመት የተጨቃጨቁ ሰዎች ልጆች ዓርብ ያስቀድሳሉ። ቀኑን የወሰነው አሠሪው ነው። አንዷ ከምትሠራበት ቤት ጭራሽ መውጣት የማትችል፣ ቅዳሴውን በስልኳ ከፍታ፣ ድምፁን ቀንሳ፣ ሰሐን እያጠበች ትሰማለች። ለእሷ ሰንበት የሚባለው ነገር አንድ የጆሮ ማዳመጫ ነው።

በሰው ልፈርድ አልተነሳሁም። እኛም ቤት እንደዚያው ነበር። የፋሲካ ሌሊት ሁላችንም ነጠላችንን ለብሰን ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። አብራን የምትኖረው ልጅ ትቀራለች። 55ቱን ቀን እኩል ጾማለች፤ እንዲያውም ከእኛ ትበልጣለች። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስንመለስ ወጡ ሞቆ፣ እንጀራው ተዘርግቶ፣ ቡናው ተቆልቶ ይጠብቀናል። «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ስትሰማ የኖረችው ከደብሩ ድምፅ ማጉያ፣ በመስኮት ነው። አንድ ዓመት፣ ነጠላችንን እያጣፋን ሳለ «እትዬ፣ እኔስ መቼ ነው የምሄደው?» አለቻት እናቴን። «ድስቱን ማን ያየዋል የኔ ልጅ?» አለች እናቴ። ክፋት አልነበረውም። እውነቷን ነው፣ ድስቱን የሚያይ ሰው አልነበረም።

ጥያቄው ግን እናቴ ውስጥ ገብቶ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ምድጃውን ራሷ አጠፋችው። በሩን ቆለፈች። ስድስት ሆነን ሄድን። ሌሊት ስንመለስ ዶሮው ረግቶ፣ ቅቤው ነጭ ሆኖ ከላይ ተጋግሮ ነበር። አባቴ በላ፣ ምንም አላለም። አጎቴ ግን «ይሄ የቀዘቀዘ ወጥ ለፋሲካ ይቀርባል?» ብሎ ተቀየመ። ልጅቷ ልታሞቀው ብድግ ስትል እናቴ በእጇ ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት።